ዓለሚቱ የቀደመችኝ ዓመት

ባለፈው ክረምት ቦንጋ አውቶቡስ ተራ ስወርድ ይዘንብ ነበር። አንድ ሰውዬ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጆንያ ሲያወርድ ከእጁ አመለጠውና ጭቃው ላይ ፈረጠ። እሸት ኮረሪማ ነበር። ቀያዮቹ ፍሬዎች እግራችን ስር ተበተኑ፣ ጥቂቶቹ ተረገጡ፣ ሽታቸውም ተነሳ። እርጥብ ኮረሪማና እርጥብ አፈር አንድ ላይ ሲሸት ሌላውን ሰው ወጥ ያምረው ይሆናል፤ እኔን እግሬን አሳከከኝ። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከቀኝ ትከሻዬ ኋላ እየቀረበ የሚመጣ የሰው ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ። ዞር ብዬ ማየት አላስፈለገኝም፤ የማን ትንፋሽ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ሰባተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ትምህርት ቤታችን አዲስ ካርታ ተሰቅሎለት፣ የክልሎችን ስም እንደ መዝሙር የምናጠናበት ጊዜ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ገበያው አጠገብ ጨርቅና የቤት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። እኔ የተወለድኩት ግን እዚያው ቦንጋ ነው፤ ካፊኖኖን ከመንገድ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ ስልጥኛን ከእናቴ ተማርኩ። ሩጫን ደግሞ ከአባቴ ምራቅ።

ዕቃ ሲልከኝ ደጃፉ ላይ እንትፍ ይልና «ይሄ ሳይደርቅ ተመለሽ» ይለኛል። እንደ እብድ እሮጣለሁ። ሁልጊዜ ሳይደርቅ እደርሳለሁ፤ ይህንንም የፍጥነቴ ማስረጃ አድርጌ ለጓደኞቼ አወራለሁ። በዝናብ አገር ደጃፍ ላይ የተተፋ ምራቅ እንኳን እኔ እስክመለስ እስከ ማታም እንደማይደርቅ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ያም ሆኖ ፈጣን ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ የሚቀድመኝ ሴት ቀርቶ ወንድም ጥቂት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የስፖርት ክፍለ ጊዜያችን ነው። ኳሷ አንድ ስለሆነች ለወንዶቹ ትሰጥና እኛ ሴቶቹ እንሮጣለን፤ ከትምህርት ቤቱ በር ቁልቁል እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ዳገቱን ሽቅብ እስከ ሜዳው። እኔ ሜዳው ላይ ደርሼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ሳር ላይ ተቀምጬ ሌሎቹን እየተቀበልኩ «አይዟችሁ» እላቸው ነበር። ያን ጊዜ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ከተጀመረ ሦስት ሳምንት አልፎ አንዲት ልጅ ክፍላችን ገባች። ከማንኪራ ነው የመጣችው፤ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅሙና ንብ የሚያንቡ ሰዎች ከሚኖሩበት መንደር። ቦንጋ አክስቷ ዘንድ ታርፍና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አማርኛዋ ጥቂት። ዓለሚቱ ትባላለች። ከኋላ ወንበር ተቀመጠችና እኔም ረሳኋት።

ሐሙስ ከሰዓት ከድልድዩ ተመልሼ ዳገቱን ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ከራሴ ሌላ የማንንም ትንፋሽ ሰምቼ አላውቅም። ትንፋሹ አልተጣደፈም፤ ሰው እህል ሲወቅጥ እንደሚያወጣው ያለ እኩል እኩል ትንፋሽ ነው። ወደ ትከሻዬ መጣ፣ ጎኔ ደረሰ፣ ከዚያ የዓለሚቱን ጀርባ አየሁ። ባዶ እግሯን ነበረች። ሜዳው ላይ ስደርስ ሳሩ ላይ ተቀምጣለች። «አይዞሽ» አለችኝ።

ተንሸራትቼ ነው አልኩ። የተንሸራተትኩበትን ቦታ ለሁሉም አሳየሁ። ቤት ስገባ ግን አልቅሼ ነበርና አባቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ አየኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ሁለተኛ ወጣሁ።»

«ከስንት?»

«ከሰባ።»

«ከሰባ ሁለተኛ! ታዲያ ይሄ ያስለቅሳል?»

«አንደኛዋ ናት የምታስለቅሰኝ» አልኩት።

አባቴ ለደንበኛው ጨርቅ እየለካ ነበር። መለኪያውን እንደያዘ ቆመና በደንብ አየኝ። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ነው ያየኝ፤ አጠገቡ ሱቅ የተከፈተበት ነጋዴ ሌላውን እንደሚያይ።

ዓለሚቱ መድኃኒት እንዳላት ለማወቅ ሁለት ቀን በቃኝ። በእረፍት ሰዓት ከቅጠል ጥቅልል ውስጥ አንድ ነገር እያወጣች ትበላለች። የማንኪራ ሰው ከሆነች ማር ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? በሚቀጥለው ሐሙስ እናቴ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን ማር ከቆርቆሮው እያነሳሁ፣ ግማሽ ያህሉን ውጬ ወደ ሩጫው ሄድኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ሆዴ ተገለበጠ። ከድልድዩ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ሳስመልስ ዓለሚቱ በአጠገቤ አለፈች፤ ቆም ብላ አየችኝ፣ ግራ ገባት፣ ሄደች። ያን ቀን ሠላሳ ምናምነኛ ወጣሁ። ቅጠሉ ውስጥ የነበረው ቆጮ እንደሆነ የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

በዚያን ቀን ነው ጋሽ ተሰማ የጠሩኝ። ጋሽ ተሰማ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ነበሩ ይባላል፤ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ፣ በር ላይ ሲቀመጡም ያን እግር ዘርግተው ነው። እኛ ጥይት የመታቸው ይመስለን ነበር።

«ነይ እስቲ» አሉኝ። «ልጄ፣ አንቺ የምትሸነፊው በእግርሽ አይደለም። በጆሮሽ ነው።»

«በጆሮዬ?»

«ከኋላሽ ስትመጣ ትሰሚያታለሽ። ስትሰሚ ትከሻሽ ይነሳል። ትከሻ ሲነሳ ትንፋሽ ያጥራል። የእሷን ትንፋሽ ትተሽ የራስሽን ቁጠሪ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እዚህ በር ላይ ጠብቂኝ። ለማንም አትንገሪ።»

ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። እናቴ ስለ ሩጫ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን «በቀሚስ ትወድቂያለሽ» ብላ ከሱቁ ከተረፈ አበባማ የመጋረጃ ጨርቅ ሱሪ ሰፋችልኝ። በዚያ ሱሪ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጎህ ሲቀድ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ጉሙ ከወንዙ ላይ ገና አልተነሳም፤ የጫካው ጦጣዎች ሲጮሁ ይሰማል፣ ሰው አይታይም። ጋሽ ተሰማ ከላይ ሆነው በፊሽካ ያዝዙኛል፤ አንድ ጊዜ ሲነፋ ቀስ፣ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ፍጠኚ። ሲደክመኝ ደግሞ የዓለሚቱን ምስጢር ይነግሩኛል።

«ዳገት ላይ ነብር ናት። ቁልቁለት ግን ትፈራለች። ለምን መሰለሽ? ከልጅነቷ ቁልቁለት የወረደችው ሸክም ይዛ ነው። ዛሬም ጀርባዋ ላይ ምንም ሳይኖር ሸክም እንዳለባት ወደ ኋላ ትሳባለች። ቁልቁለቱ ላይ ጥለሻት ሂጂ።»

ጥያት ሄድኩ። ከአምስት ሽንፈት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ ቁልቁለቱን እንደ ድንጋይ ተንከባልዬ ወረድኩና ዳገቱ ላይ ብትከተለኝም በአንድ እርምጃ ቀደምኳት። ሜዳው ላይ ወደቅኩ። ዓለሚቱ በላዬ ቆማ ቁልቁል አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ንዴት እጠብቅ ነበር፣ ያየሁት ግን የምግብ ሽታ የደረሰው ሰው ዓይነት ፊት ነው። በሳምንቱ ቀደመችኝ። በሌላው ሳምንት ቀደምኳት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእኛ እጅ ወጣ። መጀመሪያ ወንዶቹ ኳሳቸውን ትተው መጡ። ቀጥሎ ከመንገዱ ዳር ያሉ ልብስ ሰፊዎች ሐሙስ ከሰዓት የሲንገር መኪናቸውን ወደ በረንዳ አወጡ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሳ። ለገበያ ልጅ የሚያደላ አለ፣ ለማንኪራ ልጅ የሚያደላ አለ። ከገጠር ቡና ጭነው የሚመጡት «የኛ ልጅ» ይሏታል ዓለሚቱን፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ እኔን ሲያዩ ከሱቃቸው ወጥተው «እንዴት ነው እግር?» ይሉኛል። አንድ ቀን ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ በእኛ ምክንያት ተኳርፈው ሰላምታ እንደተነፋፈጉ ሰማሁ። ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ። እኔና ዓለሚቱ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ እየተማርን ከዚያ ከ«አይዞሽ» በኋላ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ባላንጣ ማለት የማያነጋግሩት ሰው ማለት ይመስለኝ ነበር።

ጥር ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ተራዬ ሳይሆን ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ፊሽካ ሰማሁ። ከግንቡ ጥግ ሆኜ አየሁ። ዓለሚቱ ጋሽ ተሰማ ፊት ቆማ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

«ነጃት ቁልቁለቱ ላይ ያላትን ሁሉ ትሰጣለች» ይሏታል፣ በካፊኖኖ። «ዳገቱ ግማሽ ላይ አንገቷ ወደ ግራ ሲያዘነብል ባዶ ቀርታለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ሂጂ።»

ነጃት እኔ ነኝ። አንገቴን ያዝኩት። እውነትም ወደ ግራ ዘንበል ብሏል።

«ጋሽ ተሰማ!» ብዬ ወጣሁ። «እርስዎ የእኔ አሰልጣኝ አይደሉም?»

ዓለሚቱ ከእኔ ይበልጥ ደነገጠች። «የእሷም?» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሰኞ የእሷ፣ ማክሰኞ የእኔ?»

«ለማን ነው የቆሙት?» አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

ጋሽ ተሰማ እንደ ተያዘ ሌባ ያፍራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ፊሽካቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ለሩጫው ነው የቆምኩት» አሉ። «ተቀመጡ። ሁለታችሁም።»

ተራርቀን ተቀመጥን።

«ጌሻ ውስጥ፣ ደካ፣ ደምሴ የሚባል ሰው አለ» ብለው ጀመሩ። «እኔና እሱ አንድ ሻለቃ ውስጥ ነበርን። ከአንድ አገር ስለወጣን ወንድማማች ይሉናል፤ ሩጫ ሲመጣ ግን አንተዋወቅም። ሃያ ጊዜ ቀድሞኛል። እኔ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ቀድሜዋለሁ። ሃያኛውን ላስመልስ ስሮጥ፣ እየመራሁት፣ ጉልበቴ ተሰበረ።» የዘረጉትን እግር መታ መታ አደረጉ። ጥይት አልነበረም። «ደምሴ ምን አደረገ ይመስላችኋል?»

«ቀደመዎት» አልኩ።

«ቆመ። ሩጫውን አቁሞ አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ። ‹ሃያ ለሃያ ሳንሆን ቀረን› አለኝ። ጠላት ማለት እንድትወድቂ የሚፈልግ ነው። ደምሴ እንድቆም ነበር የሚፈልገው፤ ቆሜ እንዲያሸንፈኝ። እሱ ባይኖር እኔ ወታደር ተሰማ ብቻ ነበርኩ። እሱ ስላለ ሯጭ ሆንኩ።»

ወንዙ ይሰማል።

«አሁን ደምሴ ደካ ላይ ታደለች የምትባል ልጅ ይዟል። አምና በዞኑ አገር አቋራጭ ማንም አልቀረባትም። ዘንድሮ ውድድሩ እዚህ ቦንጋ ነው። ለክልሉ ውድድር ወደ አዋሳ የሚሄዱት አንደኛና ሁለተኛ ናቸው። አንቺ ብቻሽን አትችያትም» አሉኝ። ወደ ዓለሚቱ ዞሩ፤ «አንቺም አትችያትም። ከነገ ጀምሮ አብራችሁ ትሮጣላችሁ። መነጋገር የለባችሁም፤ መሮጥ ብቻ።»

እኔና ዓለሚቱ ተያየን። የተናደድነው በአንድ ሰው ላይ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወገን ነበርን።

ሦስት ሳምንት ያለ አንድ ቃል አብረን ሮጥን። ቁልቁለት ስጥላት ጥርሷን እያፋጨች ትከተለኛለች፤ ዳገት ስትጥለኝ ጀርባዋን በዓይኔ ይዤ እንደ ገመድ እሳባለሁ። ቁልቁለቱን ከእኔ ተማረች። ሸክሙን ከጀርባዋ ያወረደችበትን ጠዋት አስታውሳለሁ፤ እጆቿን ዘርግታ እየሳቀች ስትወርድ። እኔም ዳገቱን ከእሷ ተማርኩ።

ያነጋገረን ብስኩት ነው። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ከኪሴ ብስኩት አውጥቼ ስበላ ትኩር ብላ አየችኝ።

«አስመለሰኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ብስኩቱ። አንቺ የምትፈጥኚው በሱቅ ብስኩት መሰለኝ። አክስቴን ለምኜ አስገዛሁና አስራ ሁለት በላሁ። ሐሙስ ዕለት፣ ያሸነፍሽኝ ዕለት።»

ድልድዩ ላይ የሆነውን፣ የማሩን ነገር ነገርኳት። ጭቃው ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ጋሽ ተሰማ ከላይ ሆነው ሁለት ጊዜ ፊሽካ ነፉ።

በዚያው ቅዳሜ አብሬያት ማንኪራ ሄድኩ። መንገዱ ጫካውን ሰንጥቆ የሚያልፍ የእግር መንገድ ነው። እኔ ሁልጊዜ እየሮጠች የምትሄድ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ግን የጨውና የላምባ ሸክሟን ጀርባዋ ላይ አድርጋ በዝግታ ነው የምትራመደው። ሸክሙን ተቀበልኳት። ሁለት ጊዜ አርፌ፣ በሦስተኛው መለስኩላት። ቤታቸው ስንደርስ አባቷ ከትልቅ ዛፍ ላይ ሆነው ቀፎ ይሰቅሉ ነበር። ከላይ ሆነው ጮኸው ጠየቁ፤ «የገበያዋ ልጅ እሷ ናት?»

«እሷ ናት» አለች ዓለሚቱ።

ሰውዬው በገመዳቸው ተንሸራተው ወረዱ። እግሬን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ቀጭን ነው» አሉ፣ በአድናቆት ይሁን በሐዘኔታ ሳላውቀው። ከዚያ ለእኔ የመጀመሪያውን ማር ቆርሰው ሰጡኝ። ሆዴን ፈርቼ ትንሽ ቀመስኩ። ዓለሚቱ ፊቷን አዙራ ትስቃለች።

የዞኑ ውድድር ዕለት ሰማዩ ለአንድ ቀን ምሕረት አደረገልን። ከቢታ ገነት፣ ከደካ፣ ከሌሎቹም ወረዳዎች ልጆች በጭነት መኪና እየዘፈኑ ገቡ። የማንኪራ ሰዎች በእግራቸው መጥተው የሜዳውን አንድ ወገን ሞሉት። ከገበያው ወገን ደግሞ ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር፤ የአባቴ ብቻ ተከፍቶ ስላየሁት ሆዴ ባባ።

ታደለችን አየኋት። ረጅም ናት፣ ሸራ ጫማ አላት፣ ሙሉ ቱታ አላት፣ ዓይኗን ማንም ላይ አታሳርፍም። ከኋላዋ አንድ ሽበታም ሽማግሌ ቆመዋል። ጋሽ ተሰማ እግራቸውን እየጎተቱ ሜዳውን አቋርጠው ወደ እሳቸው ሲሄዱ እኔና ዓለሚቱ እጅ ለእጅ ተያያዝን። ሊጣሉ ነው ብለን ነበር። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ቆሙ።

«ጉልበትህስ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ሃያኛዋን ቀን ይጠብቃል» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ከዚያ ተቃቀፉ። ሕዝቡ እስኪያፍር ድረስ አልተላቀቁም። ጋሽ ተሰማ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ልጅቷ ጎበዝ ናት» አሉን። «በጣም ጎበዝ። እንኳን መጣች።»

መስመሩ ላይ ስንቆም ዓለሚቱ በጆሮዬ «አልምርሽም» አለችኝ።

«እንዳትምሪኝ» አልኳት።

ሩጫው ሁለት ዙር ነው፤ ከሜዳው ቁልቁል ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ በጫካው ጠርዝ ዳገቱን ሽቅብ፣ ተመልሶ ሜዳው። ታደለች ገና ፊሽካው ሳይቆም ወጣች። ሌሎቹ በመጀመሪያው ቁልቁለት ቀሩ። እኔና ዓለሚቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነን የታደለችን ነጭ ጫማ ስንከተል አንዱ ዙር አለቀ። በሜዳው ስናልፍ ጩኸቱ እንደ ዝናብ ወረደብን፤ አንዱ ወገን ስሜን፣ ሌላው ወገን ስሟን። በመሐል ለታደለች የሚጮኹት የጌሻ ሰዎች ድምፅ ተሰልቅጦ ቀረ።

በሁለተኛው ቁልቁለት ሄድኩ። ታደለችን አለፍኳት። ዓለሚቱ በእጆቿ እየቀዘፈች ከተረከዜ አልተለየችም። ወንዙ ጋ ስንደርስ መሪዎቹ እኛ ነበርን። ዳገቱ ሲጀምር ዓለሚቱ አለፈችኝና ከአስር እርምጃ በላይ ጣለችኝ። ግማሹ ላይ አንገቴ ወደ ግራ መዘንበሉ ተሰማኝ። የነጭ ጫማ ኮቴ ሰማሁ። ታደለች አለፈችኝ። ሦስተኛ ሆንኩ። ከጫካው የኮረሪማ ሽታ ይመጣል፣ አፌ ውስጥ ደም ደም ይለኛል፣ «እንግዲህ በቃ» አልኩ። በቃ ማለት በዚያች ሰዓት ጣፋጭ ነበር።

ዓለሚቱ ጋሽ ተሰማ አጥብቀው የከለከሉንን አደረገች። ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች።

«ነጃት!» ብላ ጮኸች፣ በካፊኖኖ፣ በቁጣ። «እንዲህ ሆነሽ ላሸንፍሽ ነው የመጣሁት? ተነሺ!»

ቁጣዋ አናደደኝ። እንዴት ትቆጣኛለች? አንገቴን አቃናሁ። ትንፋሼን መቁጠር ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ነጩ ጫማ መጀመሪያ አልቀረበም፣ ቀጥሎ ቀረበ፣ ቀጥሎ ጎኔ ነበር። ታደለች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አሳረፈችብኝ። ትከሻዋ ተነስቷል። የዳገቱ አናት ላይ አለፍኳት።

ሜዳው ሲከፈት ዓለሚቱ ከፊቴ ሦስት እርምጃ ነበረች። ትንፋሼን እንደምትሰማ አውቃለሁ። ሁለት እርምጃ። አንድ። ጎን ለጎን ሆንን። ከዚያ ማንም ማንንም አላስከተለም። ሰዉ ከሁለቱም ወገን ገመዱን ጥሶ ገብቷል፤ በቀኜ በኩል አንገቱ ላይ የጨርቅ ሜትር ያንጠለጠለ ሰው ኮፍያውን በእጁ ይዞ አብሮን ይሮጣል። አባቴ ነበር። ሱቁን ክፍት ጥሎ ነው የመጣው። «ነጃት! ነጃቴ!» ይላል፣ ድምፁ ተዘግቶ። የዓለሚቱ አባትም በሌላኛው ወገን ይሮጣሉ። መድረሻው ላይ የተወጠረውን ክር በደረቴ መታሁት፤ ወይም እሷ መታችው። ሁለታችንም ክሩ ላይ ተጠምጥመን ወደቅን።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ብዙ ተጨቃጨቁ። አንዱ ዓለሚቱ ናት አለ፣ ሁለቱ ግን ለእኔ ፈረዱ፤ በደረት ብቻ። ታደለች ሦስተኛ ገባች። ጋሽ ደምሴ እሷን ሳይሆን መጀመሪያ እኛን ነው ያነሱን፣ ከዚያ የእሷን ፊት በጋቢያቸው ጠረጉ። «ከእንግዲህ ማን እንደሆንሽ ታውቂያለሽ» አሏት። «እነዚህ ያሳውቁሻል።»

ዓለሚቱ ሳሩ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ሰማዩን ታያለች። አጠገቧ ተኛሁ።

«ሁለተኛ ብጠራሽ ምላሴ ይቆረጥ» አለች።

«አመሰግናለሁ» ልላት ፈለግኩ። «እኔም ዳኛ ብሆን ለራሴ ነበር የምፈርደው» አልኳት።

ሳቋ ሳልም ሳቅም ሆነ። ከዚያ እጇን ሰጠችኝ፤ ተነሳን።

ወደ ከተማው ሲወስዱን በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ነበርን፤ እኔን የማንኪራ ሰው ነው የተሸከመኝ፣ እሷን ደግሞ ልብስ ሰፊው። በምን ምክንያት እንደተቀያየሩ አላውቅም። ተኳርፈው የነበሩት ሁለቱ ሰዎች እየተጯጯኹ ነበር፣ ግን ጎን ለጎን እየሄዱ። ክርክሩ ገና መጀመሩ ነው። ክሩን ማን ነካው፣ ዓለሚቱ ባትጠራት ኖሮ፣ ዳኛው ቆሞ የነበረው በየት በኩል ነው።

ሻይ ቤቱ ጋ ስንደርስ አንዲት የገጠር ሴት ቅርጫቷን ይዛ መንገዱ መሐል ቆመች። ከሩቅ የመጣች ናት፤ ጩኸቱ ምን እንደሆነ አልገባትም። ቀና ብላ እኔንና ዓለሚቱን አየችን።

«ከሁለታችሁ ያሸነፈችው የትኛዋ ናት?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ!» አልን ሁለታችንም እኩል።